ገላና ቆዳ

አማርኛ ሕያውን ከሙት የሚለይባቸው ጥንድ ቃላት አሉት። ከእነዚህ አንዱ ጥንድ «ገላ» እና «ቆዳ» ነው። ገላ ይታጠባል፣ ይታቀፋል፣ ይሞቃል፣ ይበርደዋል፤ ቆዳ ግን ይገፈፋል፣ ይወጠራል፣ ይለፋል፣ ይሸጣል። ዛሬ ሐኪሞቻችንና የመድኃኒት ማሸጊያዎች ሁሉንም «ቆዳ» ብለው ስለሚጠሩት ድንበሩ ደብዝዟል፤ ይሁን እንጂ ለአራስ ልጇ ውኃ የምታሞቅ እናት ዛሬም «ገላውን ላጥበው» ነው የምትለው።

ስለ ሕፃናት ገላ አያያዝ ታሪክ የተጻፈውን ባገላበጥሁ ቁጥር ይህ የቃላት ልዩነት ይመጣብኛል። ምክንያቱም የሰው ልጅ ከሁለት ሺህ ዓመት ለሚበልጥ ጊዜ አዲስ የተወለደ ልጁን ገላ የያዘው፣ በፍቅርም ቢሆን፣ እንደ ቆዳ ነበር፤ ገና ያልለፋ፣ መጠንከር፣ መድረቅና መጽዳት የሚያስፈልገው ጥሬ ቆዳ። በዚህ ጽሑፍ ያንን ረጅም መንገድ በጥቂት ማረፊያዎች እየቆምሁ ልከተለው እወዳለሁ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጨው

ከጥንታዊዎቹ ምስክሮች አንዱ ሩቅ አይደለም፤ በየቤታችን መደርደሪያ ላይ አለ። ነቢዩ ሕዝቅኤል በባቢሎን ምርኮ ሳለ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ6ኛው መቶ ዘመን፣ ኢየሩሳሌምን በሜዳ በተጣለች አራስ ሴት ልጅ ይመስላታል። በመጽሐፉ 16ኛ ምዕራፍ መጀመሪያ ላይ ለዚያች ሕፃን ሳይደረግላት የቀረውን ይዘረዝራል፤ ከቀሩባት ነገሮች አንዱ ገላዋን የሚያሽላት ጨው ነው። ነቢዩ ጨው ለምን እንደሚታሽ አያብራራም። ማብራራትም አላስፈለገውም፤ ሰሚዎቹ ሁሉ ያውቁታል። በዚያ ዘመን ጨው ያልነካት ልጅ ማለት ተቀባይ ያጣች ልጅ ማለት ነበር። ዛሬ እኛን የሚያስደነግጠን ልማድ፣ ለእነርሱ የእንክብካቤ መለኪያ ነበር።

ለምን የሚለውን ጥያቄ የመለሱልን ከስድስት መቶ ዓመት በላይ ቆይተው የመጡት የግሪክና የሮም ሐኪሞች ናቸው። ሶራኖስ ዘኤፌሶን በነገሥታቱ በትራጃንና በሐድሪያን ዘመን፣ በ2ኛው መቶ ዘመን መባቻ፣ በሮም ከተማ ሕክምና ይሠራ የነበረ ሰው ነው። ስለ ሴቶች ሕክምናና ስለ አዋላጅነት የጻፈው መጽሐፍ ዛሬም ይነበባል። ሶራኖስ አዋላጇን የሚያስተምረው እጇን ይዞ እንደሚያሳይ ሰው ነው፤ ጨው ውሰጂ፣ የደቀቀ ይሁን፣ ሻካራው ገላውን ይቧጭራልና፤ ከዓይኑና ከአፉ አርቂ። ገላው እጅግ የሳሳ ልጅ ከሆነ ደግሞ ጨውን በማር፣ ወይም በወይራ ዘይት፣ ወይም በገብስ ወይም በአብሽ ጭማቂ ለውሺው ይላታል። ከዚያም ለብ ባለ ውኃ እንድታጥበው ያዛል።

አብሽን በዚያ ገጽ ላይ ሳገኘው የማውቀውን ሰው በማያውቁት አገር እንዳገኘ መንገደኛ ሆኜ ነበር። ይሁንና ልቤን ይበልጥ የያዘው ሶራኖስ የሚቃወማቸው ሰዎች ዝርዝር ነው። ጀርመኖችና እስኩቴሶች፣ አንዳንድ ግሪኮችም ጭምር፣ አራሱን ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ይነክሩታል ይላል፤ ቢጠነክር ይጠነክራል፣ ካልቻለ ይሙት ብለው። ሌሎች በወይን ጠጅ፣ ሌሎች የወይን ጠጅን ከጨው ውኃ ጋር ቀላቅለው፣ ሌሎችም በልጅ ሽንት ያጥቡታል። ባርሰነት ወይም የባሉጥ ዛፍ እባጭ አድቅቀው የሚነሰንሱበትም አሉ። ሶራኖስ እነዚህን ሁሉ አንድ በአንድ ይጥላቸዋል።

የባሉጥ እባጭ ነፍሳት ቅርንጫፉን ሲወጉት የሚያብጥ ክብ ነገር ነው። የሥነ ጽሑፍ ወዳጆች በሌላ መንገድ ያውቁት ይሆናል፤ የአውሮፓ ጸሐፍት ለብዙ መቶ ዓመታት ጥቁር ቀለማቸውን የቀመሙት ከእርሱ ነበር። ከዚህም በላይ ግን እባጩ የቆዳ አልፊ ዕቃ ነው። በውስጡ ያለው ኮምጣጣ ንጥረ ነገር ጥሬውን ቆዳ አጠንክሮ ከመበስበስ የሚጠብቀው ነው። ጨውም እንዲሁ የቆዳ አልፊ የመጀመሪያ መሣሪያ ነው። ታላቁ ጋሌን ስለ ጤና አጠባበቅ በጻፈው መጽሐፍ የአራሱ ገላ በልኩ ጨው ይነስነስበት ሲል የሰጠው ምክንያት አንድ ነው፤ ገላው እንዲጠብቅና እንዲጠነክር። እንግዲህ ምሥጢሩ ይኸው ነው። የጥንቱ አዋላጅና የጥንቱ ቆዳ አልፊ ከአንድ ሳጥን ይጨልፉ ነበር። ሕፃኑ ከእርጥብና ከለስላሳ ዓለም ወደ ደረቅና ወደ ሻካራ ዓለም መጥቷል፤ ስለዚህ ለዚህኛው ዓለም መልፋት አለበት።

በዚህ ላይ መሳቅ ይቀላል፤ እኔ ግን አልስቅም። ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ባልነበረበት ዘመን፣ ሥጋ እንዳይበሰብስ የሚጠብቀውን ጨው ያየች እናት ለልጇም ብትመኘው አሳቧ ከንቱ አልነበረም። ጥፋቱ ያለው በገላው ተፈጥሮ ላይ ነው። የአራስ ልጅ ገላ የላይኛው ሽፋን ከአዋቂ ሰው የሳሳ ነው፤ ከክብደቱ ጋር ሲነጻጸር ደግሞ የገላው ስፋት ከአዋቂው ሦስት እጥፍ ገደማ ይሆናል። ስለዚህ በላዩ የተቀባው ነገር በላዩ አይቀርም፤ ወደ ውስጥ ይዘልቃል። ጨውን የማሸት ልማድ በመካከለኛው ምሥራቅና በቱርክ አንዳንድ አካባቢዎች እስከ ቅርብ ዘመን ዘልቆ ነበር። በ1993 የቱርክ ሐኪሞች ገላው በጨው ታሽቶ፣ በደሙ ውስጥ ያለው የጨው መጠን ከልክ አልፎ የሞተ ሕፃን ታሪክ በአንድ አሜሪካዊ የሕክምና መጽሔት ላይ አሳተሙ። ከሕዝቅኤል እስከዚያ ሕፃን ያለው ርቀት ሃያ አምስት መቶ ዓመት ነው፤ በመካከሉ ያለው እጅ ግን ያው የሚወድ እጅ ነበር።

ዱቄት

ከጨው ዘመን ወደ ዱቄት ዘመን የሚያሸጋግረን መንገድ በጥቅልል ጨርቅ ውስጥ ያልፋል። ልጁን ከአንገት እስከ እግሩ አጥብቆ መጠቅለል በአውሮፓ ለብዙ መቶ ዓመታት የማይጠየቅ ሥርዓት ነበር። በጨርቁ ውስጥ ሽንትና ላብ ገላውን ይልጡታል። በ1748 እንግሊዛዊው ሐኪም ዊሊያም ካዶገን የተጣሉ ልጆችን ለሚያሳድገው የለንደን ቤት አስተዳዳሪዎች በላከው ጽሑፍ፣ ልጆች ቀለል ያለ ልብስ ይልበሱ፣ ይንቀሳቀሱ፣ ይጽዱ ሲል ተከራከረ። በ1762 ደግሞ ሩሶ «ኤሚል» በተባለው መጽሐፉ ጥቅልሉን የሰው ልጅ የመጀመሪያው እስር ቤት አድርጎ ነቀፈው። ጥቅልሉ ቀስ በቀስ ላላ፤ የሽንት ጨርቁ ግን ቀረ፤ ከእርሱም ጋር የሚቀላው ገላ።

19ኛው መቶ ዘመን ለዚህ ቅላት ሁለት ነገር አመጣ። አንደኛው በ1872 ሮበርት ቼዝብሮ የተባለ አሜሪካዊ የባለቤትነት መብት ያወጣበት ቫዝሊን ነው፤ ከነዳጅ ዘይት ዝቃጭ የተገኘ፣ ሽታ የሌለው ቅባት። ይህ ቅባት አገራችን ገብቶ የቤት ልጅ ሆኗል፤ ወደ ትምህርት ቤት ሊሄድ በር ላይ የቆመ፣ ፊቱ በቫዝሊን የሚያብረቀርቅ ሕፃን የማያውቅ የከተማ ሰው ያለ አይመስለኝም። ሁለተኛው በዚያው አገር በ1890ዎቹ ለገበያ የቀረበው የሕፃን ፓውደር፣ ማለትም ታልክ ከሚባለው ለስላሳ ድንጋይ የተፈጨ ሽቶ ያለው ዱቄት ነው። ከዚያ በኋላ ለመቶ ዓመት ያህል «የሕፃን ሽታ» ሲባል ብዙ ሰው የሚያስታውሰው የሕፃኑን ሳይሆን የዚያን ዱቄት ሽታ ነበር።

የተለወጠውን ልብ እንበል። የጥንቱ ፍርሃት ገላው ለስላሳ ነው የሚል ነበር፤ የአዲሱ ዘመን ፍርሃት ገላው ንጹሕ አይደለም የሚል ሆነ። ፓስተርና ኮክ የማይታዩትን ጀርሞች ከገለጡ በኋላ የሕፃኑ ገላ የጦር ሜዳ ሆነ። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ በብዙ የአሜሪካ የማዋለጃ ክፍሎች አራሶች ሁሉ ሄክሳክሎሮፊን በተባለ ጀርም ገዳይ ይታጠቡ ነበር። ይህም ያለ ምክንያት አልነበረም። ስታፊሎኮከስ የተባለው ባክቴሪያ በአራሶች ክፍል እየተዛመተ ገላቸውን ያቆስል፣ ይገድልም ነበር፤ መድኃኒቱም ቀንሶታል።

ከዚያ 1972 መጣ። በዚያ ዓመት ጸደይና በጋ በፈረንሳይ፣ በተለይም በሰሜንና በምሥራቅ አውራጃዎች፣ ጤነኛ የነበሩ ሕፃናት ባልታወቀ ሕመም ይወድቁ ጀመር። መቀመጫቸው እንደ ተቃጠለ ይቀላል፤ ከዚያ ይነጫነጫሉ፣ ይደክማሉ፣ ይንቀጠቀጣሉ፤ አንዳንዶቹም ራሳቸውን ስተው አይመለሱም። ሐኪሞች የአንጎል ብግነት ይሆናል ብለው ጠረጠሩ። ቤት ለቤት እየሄዱ የጠየቁ መርማሪዎች በመጨረሻ የሕሙማኑን ቤቶች የሚያገናኝ አንድ ነገር አገኙ፤ ሞራንዥ የተባለ የሕፃናት ታልክ። ዱቄቱ ሲዘጋጅ በስሕተት ሄክሳክሎሮፊን ተቀላቅሎበት ነበር፤ ከመቶ ከስድስት እጅ በላይ። 204 ሕፃናት ተመረዙ፤ 36ቱ ሞቱ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ከቁጥሩ ይልቅ እንቅልፍ የሚነሣኝ የነገሩ አካሄድ ነው። የሕፃን መቀመጫ ሲቀላ ዱቄት መነስነስ የተለመደው መድኃኒት ነው። እዚህ ግን ቅላቱን ያመጣው ራሱ ዱቄቱ ነው። የተላጠ ገላ ደግሞ ካልተላጠው የበለጠ መርዝ ያስገባል። እንግዲህ ትጉዋ እናት፣ ልጇን ቶሎ ቶሎ የምትቀይረው፣ ቅላቱን አይታ ዝም የማትለው እናት፣ ከሰነፏ ይልቅ ለአደጋው የቀረበች ነበረች። ጉዳዩ ፍርድ ያገኘው በ1980 ነው። ፍርድ ቤት ጥፋተኛ መለየት ይችላል፤ ለዚያች እናት እጆችሽ ንጹሕ ናቸው ብሎ ልቧን ማሳረፍ ግን የሚችል አይመስለኝም።

የአሜሪካ ባለሥልጣናት በቤተ ሙከራ እንስሳት አንጎል ላይ በታየው ጉዳት ምክንያት ከ1971 መጨረሻ ጀምረው አስጠንቅቀው ነበር፤ በመስከረም 1972 ሄክሳክሎሮፊን ያለ ሐኪም ትእዛዝ እንዳይሸጥ አገዱ። ታሪኩ ግን በዚህ አያበቃም። አጠባው በቆመባቸው አንዳንድ የማዋለጃ ክፍሎች ያ አሮጌ ባክቴሪያ ተመልሶ መጣ። መርዙ ጠባቂም ነበር። ሐኪሞቹ ቀስ ብለው የደረሱበት መፍትሔ ሌላ ጀርም ገዳይ ፍለጋ ብቻ አልነበረም፤ የሐኪምና የነርስ እጅ መታጠብ፣ ሕፃኑን ከእናቱ ሳይለዩ ማቆየትም ነበር። ለዘመናት የልጁ ገላ ሲፈተግ ኖሮ፣ መጽዳት የነበረበት የሚነካው እጅ ሆኖ ተገኘ። ያ ሽቶ ያለው የታልክ ዱቄትም ከጊዜ በኋላ ከአስቤስቶስ ጋር በተያያዘ ክስ ተከብቦ፣ የመጀመሪያው ሻጭ በ2020 በአሜሪካና በካናዳ፣ በ2023 ደግሞ በመላው ዓለም ታልኩን ትቶ በበቆሎ ዱቄት ተካው።

ቅቤ

አሁን ወደ ራሳችን ጓዳ እንግባ። በአገራችን በብዙ አካባቢ ልጅ ሲወለድ ከሚቀበሉት መካከል ቅቤ አለ። በአፉ ይልሰዋል፣ በእርግብግቢቱ ላይ ይደረግለታል፣ እትብቱ በተቆረጠበት ይቀባል፣ ገላውም ይታሽበታል። ቋንቋችንም ቅባትን ከፍ ባለ ስፍራ አስቀምጦታል፤ ንጉሥ የሚነግሠው ተቀብቶ ነው፤ ሕፃኑም የሚሰነብተው ተቀብቶ። ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ ላለች አራስ ከአገር ቤት በሻንጣ የሚላከው ቅቤ ምግብ ብቻ አይደለም፤ የአያት እጅ ምትክ ነው።

አያቴ ልጅ ስታሽ ያየሁትን አስታውሳለሁ። ቅቤውን በመዳፏ መካከል አሟሙታ፣ ከትከሻ ወደ ክንድ፣ ከጭን ወደ ቁርጭምጭሚት፣ ሳትቸኩል ታወርደዋለች፤ ልጁም ለቅሶውን ትቶ ያዳምጣታል። ከሶራኖስ አዋላጅ ጋር ሳነጻጽራት ልዩነቱ ይታየኛል። ጨው ገላውን ሊለውጠው ይፈልጋል፤ ቅቤ ግን በአመዛኙ ሊያባብለው።

ይህን ስል ቅቤን በጠቅላላ እያወደስሁ አይደለም። እትብት የሚድነው በመድረቅ ነው። ገና ያልተዘጋ የገላ በር ስለሆነ፣ በእርሱ ላይ የሚቀባ ቅቤ እርጥበት ያቆይበታል፣ ጀርምም ይዞ ሊገባ ይችላል፤ መንጋጋ ቆልፍ ስንት አራስ የወሰደው በዚያ በር ገብቶ ነው። ኢትዮጵያ ይህን በሽታ በእናቶችና በአራሶች ላይ ከሕዝብ ጤና ችግርነት ደረጃ ማውረዷ የተረጋገጠው በ2017 ነው፤ ለዚህም የበቃችው በዋናነት በእናቶች ክትባትና በንጹሕ ወሊድ ነው። በአፍ የሚሰጠውም ቅቤ እንገሩን ያዘገይበታል። በእነዚህ ሁለት ነገሮች የጤና ባለሙያዎቻችን ምክር ሊደመጥ ይገባል።

በገላ ላይ ስለሚቀባው ግን ሳይንስ የሰጠው መልስ ከተጠበቀው የተወሳሰበ ሆኗል። በ2005 በዳካ፣ ባንግላዴሽ፣ በሚገኝ የሕፃናት ሆስፒታል ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናትን ገላ በሱፍ ዘይት የቀቡ ተመራማሪዎች፣ በሆስፒታል ውስጥ የሚይዝ ኢንፌክሽን ካልተቀቡት ይልቅ በ41 ከመቶ መቀነሱን አሳተሙ። የእነዚያ ሕፃናት ገላ ገና ወንፊት ነው፤ ዘይቱ ወንፊቱን ደፈነላቸው። በዚያው ክፍለ ዓለም ከጥንት ጀምሮ አያቶች የሚመርጡት የሰናፍጭ ዘይት ግን በቤተ ሙከራ ሲፈተን የገላውን መከላከያ የሚያዳክም ሆኖ ተገኘ። በሌላ በኩል፣ በ2020 በብሪታንያ በ1,394 ሕፃናት ላይ የተሠራ ጥናት ጊዜውን ጠብቆ የተወለደን ልጅ በየቀኑ ማለስለሻ መቀባት ችፌን እንደማይከላከል አሳየ። በ2022 የዓለም ጤና ድርጅት ነገሩን ለሁለት ከፈለው፤ ጊዜውን ጠብቆ የተወለደ ጤነኛ ልጅ የገላ ሕመምን ለመከላከል ሲባል በመደበኛነት መቀባት አያስፈልገውም፤ ያለ ጊዜው የተወለደው ግን ዘይት ሊታሰብለት ይችላል።

ጤነኛው ልጅ ለምን አያስፈልገውም? ተቀብቶ ስለ መጣ። አራስ ሲወለድ ገላውን የሸፈነ ነጭ፣ ወፍራም ነገር አለ። የላቲን ስሙ ሲተረጐም «አይብ መሳይ ቫርኒሽ» ማለት ነው። ማኅፀን ሳለ ከውኃው የጠበቀው፣ ሲወለድም እርጥበቱን የሚይዝለትና ጀርም የሚከላከልለት ቅባት እርሱ ነው። በየዘመኑ አዋላጆች እንደ እድፍ እየቆጠሩ በጨው፣ በወይን ጠጅና በሳሙና ሲያስለቅቁት የኖሩት ይህንኑ ነው። ዛሬ ምክሩ የመጀመሪያው ገላ መታጠብ 24 ሰዓት ይቆይ የሚል ነው። ሰው ለልጁ የተሻለ ቅባት ሲፈልግ ዓለምን ዞረ፤ ልጁ ግን የራሱን ይዞ ነበር የመጣው።

ገላ

የመጨረሻው ማረፊያዬ ቦጎታ ነው። በ1978፣ በዚያች የኮሎምቢያ ከተማ፣ ኤድጋር ሬይ የተባለ የሕፃናት ሐኪም የማሞቂያ ሣጥን የማይበቃው ሆስፒታል ውስጥ ይሠራ ነበር። ሣጥን ሲያጣ ያለ ጊዜያቸው የተወለዱትን ሕፃናት ልብሳቸውን አውልቆ በእናቶቻቸው ደረት ላይ አጋደማቸው። የድሃ አገር ማስታገሻ ተብሎ የተጀመረው ይህ ዘዴ የካንጋሮ እንክብካቤ ተባለ። በ2021 በጋና፣ በሕንድ፣ በማላዊ፣ በናይጄሪያና በታንዛኒያ በተካሄደ ጥናት፣ በትንሽ ክብደት የተወለዱ ሕፃናት እስኪረጋጉ ሳይጠበቅ ወዲያው እናታቸው ደረት ላይ ሲደረጉ፣ በመጀመሪያው ወር የሚሞቱት በ25 ከመቶ ቀነሱ። ይህን ያህል ሕይወት የሚያተርፍ ጨው፣ ዱቄትም ሆነ ዘይት በዚህ ረጅም ታሪክ ውስጥ አላገኘሁም።

ባለሙያዎች ይህንን «ቆዳ ለቆዳ» ሲሉት እሰማለሁ። ትርጉሙ ልክ ነው፤ ቃሉ ግን የገበያ ነው። እናቶቻችን ቢጠየቁ «ገላ ለገላ» ባሉት ነበር።